አራተኛው ተጠቃሚ

እትዬ ስለ እሷ ሲያወሩ ተከራይዋ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስኮት ከዋናው ቤት የወጥ ቤት መስኮት ቢርቅ ሁለት ክንድ ነው፤ እዚያ የተንሾካሾከ ሰው እዚህ ይሰማል። እትዬ ደግሞ ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ መንሾካሾክ አይሆንላቸውም። «ሌላ ማን ይሆናል?» አሉ፤ የድስት ክዳን ሲጋጭ ተሰማ። «ኢንተርኔት መሥሪያ ቤት ውላ የምትገባ ልጅ የእኔን ዋይፋይ መክፈት ያቅታታል? የወር ብዬ የገዛሁት ጥቅል በአሥራ አምስት ቀኑ እያለቀ ነው። ኔቱስ ይቅር፣ ትጠጣው። የቤቴን ገመና ለልጄ የምታቀብለው ነገር ነው ያንገበገበኝ። እሷ ካልሆነች ማን ይነግረዋል? በወሩ መጨረሻ ትውጣልኝ፤ ቆርጫለሁ።» ተከራይዋ የአፏን አረፋ ሳትተፋ ቆማ ቀረች። ቧንቧውን ብትከፍተው መስማቷ ይታወቅባታል። አፏን በፎጣ ጠርጋ፣ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወደ ክፍሏ ተመለሰች። የሰረቀችው ነገር ያለ ይመስል መደበቋ ራሱ አናደዳት።

የእረፍት ቀኗ ነበር። ሌላውን ስድስት ቀን የምታሳልፈው በአንድ ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት የደንበኞች ስልክ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሰባተኛው ወንበር ላይ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ «መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚያሳየው?» ስትል ነው። ኔቴ ተሰረቀ እያለ የሚደውል ሰው በየቀኑ አይጠፋም፤ እሷም ከሦስት ዓመት በኋላ በድምፅ መለየት ጀምራለች። በእውነት የተሰረቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግራ ተጋብቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያስረዳው። የተሰረቀ የመሰለው ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። የእትዬን ድምፅ በዚያች ጠባብ መስኮት ስትሰማው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ማወቋ ግን አላጽናናትም፤ ምክንያቱም ዛሬ ስሙ የሚጠራው ጎረቤት እሷ ናት።

ክፍሏ ሦስት በአራት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የልብስ ሳጥን፣ ልብስ መተኮሻም መመገቢያም የሆነ አንድ ጠረጴዛ። እዚህ ግቢ ከገባች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፤ ኪራዩ በመሃል ሁለት ጊዜ ጨምሯል፣ እሷም ሁለቴም ሳትከራከር ተስማምታለች፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ክፍል በዚህ ዋጋ አይገኝማ። የእትዬን ፓስወርድ ጠይቃ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ከኔት ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ ማታ እሱን ማየት ያስጠላታል፤ ለመደዋወሉ ደግሞ የስልኳ ትንሿ ሳምንታዊ ጥቅል ይበቃታል። የገመናው ነገር ግን ሌላ ነው። የእትዬ ባለቤት ጋሼ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ከአራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ፌርማታው ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው፣ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ እያስቆሙ «ተቀያሪ ሾፌር ነኝ፣ ውረድ» ሲሉ አገኘቻቸው። ክንዳቸውን ይዛ ቤት አደረሰቻቸው። እትዬ በሩ ላይ ተቀብለዋቸው «ጋዜጣ ሊገዛ ወጥቶ ነው» አሉና ቀና ብለው አዩዋት። ጋዜጣ የሚሸጥበት ሱቅ በዚያ በኩል እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ተከራይዋ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የእትዬ ሰላምታ አጠረ።

ዝም ብሎ ሌላ ክፍል መፈለግ ይቻል ነበር። ደላላው አለ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንዴት እንደምትወጣ ስታስብ፣ ሌባ ተብላ ስትወጣ፣ እትዬ ለአዲሷ ተከራይ «ያቺ የበፊቷማ…» ብለው ሲያወሩ ታያት። ተነሥታ ግቢውን አቋርጣ የዋናውን ቤት በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ ቅድም መስኮቱ ክፍት ነበር» አለች።

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። አልደነገጡም። «ታዲያ ጆሮሽን አትዘጊም ነበር?»

«ዋይፋይዎን አልነካሁም። ለልጅዎም ደውዬ አላውቅም፤ ስልክ ቁጥሩም የለኝ። ራውተሩን አብረን እንየው። ማን እንደገባበት ዝርዝሩ ይናገራል። እኔ ምንም አልነካም፤ ጣቱ የእርስዎ፣ ቃሉ የእኔ።»

«አንቺ ያልሽውን ስነካልሽ ውዬ፣ የነካሽውን ልታጠፊበት?»

«ላጠፋ ብፈልግ ኖሮ አንኳኩቼ እመጣ ነበር?»

እትዬ ከበሩ ገለል አሉ። ግቢ አላሏትም፤ አትግቢም አላሏትም።

ሳሎኑ ውስጥ ጋሼ መስኮቱ ሥር ባለች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በታብሌት የድሮ የእግር ኳስ ጨዋታ እያዩ ነበር። ተከራይዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ረዳት! ሞላልሽ?» አሏት። «ሞልቷል ጋሼ፣ መንዳት ይችላሉ» አለች እንደ ሁልጊዜዋ። እትዬ ይሄን ንግግር አልወደዱትም። ራውተሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ዳንቴል ለብሷል፤ በአንድ ጎኑ የሠርግ ፎቶ፣ በሌላው ደግሞ ቁጥሩ በአረንጓዴ የሚያበራ ጥቁር የጠረጴዛ ሰዓት አለ። ተከራይዋ ዳንቴሉን እንዲያነሡለት ነገረቻቸው፤ ይታፈናል፣ ሲግል ይደክማል። ገልብጠው ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡላት። ልጃቸው ነው ከስምንት ወር በፊት ገዝቶ የተከለላቸው። የዋይፋዩ ስም ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፣ ፓስወርዱም እንደመጣ ነው፤ የራውተሩን የውስጥ ገጽ የሚከፍተው ቃል ደግሞ እሷ በቀን ሃያ ጊዜ «እባክዎ ይቀይሩት» የምትለው፣ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚገምተው ቃል ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ጻፉት። ገጹ ተከፈተ። ተከራይዋ ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች፤ ስልኳንም አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ በኋላ ቃል እንዳይቀየርባት።

ዝርዝሩ አራት መስመር ነበረው። አንደኛው የእትዬ ስልክ። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ። ሦስተኛው የጋሼ ታብሌት። አራተኛው ስም የለውም፤ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ነገር ብቻ።

«ይኸው!» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። «ይሄ ያንቺ ነው።»

«የእኔ ስልክ ጠፍቷል እትዬ። ይሄ አሁን እየሠራ ነው።»

«ሌላ ስልክ አይኖርሽም?»

«ክፍሌን ሄደው ይፈትሹ። በሩ ክፍት ነው።» እትዬ እውነትም ሄደው ይፈትሹ እንደሆነ ለአፍታ ያሰቡ መሰለ። ተከራይዋ የሥራ ድምፅዋን ይዛ ቀጠለች። «ከመስመሩ ጎን ያሉትን ደረጃ ደረጃ ነገሮች ያዩዋቸዋል? ጉልበቱ ሙሉ ነው። ከእኔ ክፍል ቢሆን በሁለት ግንብ አልፎ እንደዚህ አይሞላም። ይሄ ዕቃ እዚሁ አጠገባችን ነው። ደግሞ የሰው ኔት የሚሰርቅ ሰው ያወርዳል፤ ፊልም ያያል፣ ዘፈን ያወርዳል። ይሄ የሚያወርደው የለም። ይልካል። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ቤት ወደ ውጭ የሚልከው ነገር አለ።»

እትዬ ዘወር ብለው ሳሎኑን አዩት። የራሳቸውን ሶፋ፣ የራሳቸውን መጋረጃ፣ ሌላ ሰው ቤት በስህተት እንደገባ ሰው አዩት። ከዚያ ተከራይዋ እንዳለቻቸው ከራውተሩ በቀር የተሰካውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀሉ። ቴሌቪዥኑ ሲነቀል ሁለተኛው መስመር ጠፋ። የስልክ ቻርጀሩ ሲነቀል ምንም አልተለወጠም። የቁም መብራቱም ምንም። ሰዓቱን ሲነቅሉ አረንጓዴው ቁጥር ድርግም አለ፤ ገጹን ሲያድሱት አራተኛው መስመር የለም። መልሰው ሰኩት። ደቂቃ ሳይሞላ መስመሩ ተመለሰ።

«ሰዓት ነው» አሉ እትዬ። «ልጄ ነው ያመጣልኝ፣ ከራውተሩ ጋር። ሰዓት ከኔት ጋር ምን አለው?»

አንዳንድ ሰዓት ሰዓቱን ከኔት ይወስዳል ልትል ነበር፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ጎንበስ ብላ የሰዓቱን መስታወት ስታይ በቁጥሮቹ መሃል፣ ሁለቱ ነጥቦች ካሉበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የመርፌ ዓይን የምታክል ክብ አየች። ብርሃን ከመስኮቱ ሲያርፍባት የዓሣ ዓይን ትመስላለች። ተከራይዋ ቀና አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የእትዬን ክንድ ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻቸው፤ ነክታቸው አታውቅም፣ ክንዳቸው ከገመተችው ይቀጥናል። ልብስ ማስጫው ሥር ቆመው ነገረቻቸው። ካሜራ ነው አለች። ድምፅም ሊወስድ ይችላል አለች። እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ከልጄ ልታጣይኝ ነው?» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንሾካሾኩ። «ከአንቺ ላይ ለማንሣት ልጄ ላይ ልትጭኚው ነው? ሱቅ የሸጠለት ሰው ያደረገው ቢሆንስ? አንቺ ራስሽ በየት በኩል እንዳስገባሽው በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አለች ተከራይዋ። «እኔም ማን እንደሚያየው አላውቅም። የምናውቀው ሲጠፋበት ነው። ፓስወርዱን እርስዎ ይቀይሩት፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ሰዓቱን አይንኩት፣ እዚያው ይቀመጥ፤ አዲሱን ፓስወርድ ግን አይስጡት። የሚያይ ሰው ካለ ይጨልምበታል። የጨለመበት ሰው ዝም አይልም።»

እንደዚያ አደረጉ። እትዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ አዲስ ቃል ጻፉ፤ ተከራይዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ደንቡን ብቻ ነገረቻቸው፣ ከአሥራ ሁለት ፊደል አይነስ፣ የልደት ቀን አይሁን፣ የማንም ስም አይሁን። የውስጥ ገጹንም መክፈቻ ለወጡት። ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን፣ ቁልፍ በመጫን ብቻ ማንም እንዲገባ የምትፈቅደውን ነገር አጠፉ። ራውተሩ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ አረንጓዴ አበራ። ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአዲሱ ቃል ተመለሱ። ታብሌቱ ሲቋረጥባቸው «ተበላሸ፣ ጋራዥ ይግባ» እያሉ የተቆጡት ጋሼም ጨዋታቸው ተመለሰላቸው። ዝርዝሩ ሦስት መስመር ሆነ። ሰዓቱ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሰዓት መቁጠሩን አላቆመም፤ አምስት ተኩል ይላል።

መጠበቁ ከሥራው ሁሉ ከበደ። እትዬ ሻይ አፈሉ፤ ለሦስት ሰው ቀዱ፣ ለእሷ ያለ ስኳር ሰጧት፤ ስኳር ትወድ እንደሆነ አልጠየቋትም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። እትዬ ስልካቸውን በየደቂቃው ገልብጠው ያያሉ፤ ከዚያ እሷን ያያሉ። ዓይናቸው ውስጥ ያ የድሮው ጥርጣሬ ቀስ በቀስ ተመልሶ ሲሞላ ታያት። ተከራይዋ ራሷንም መጠርጠር ጀመረች። ያቺ ክብ የመስታወት ጭረት ብትሆንስ? በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው በስልክ አሳስታለች፤ አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የሚሠራ ራውተራቸውን አስጥላቸዋለች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ። «እንግዲህ» አሉ። «ማንም አልደወለም። ወደ ክፍልሽ ብትሄጂ…»

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነው። ተከራይዋ ስክሪኑ ላይ የእትዬን ልጅ ፎቶ አየች፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ራሰ በራነት የጀማመረው ጎልማሳ። እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚደውለው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። እትዬ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ምናልባት እሷ እንድትሰማው።

«እማዬ፣ ሰላም ናችሁ? አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነን። ምነው በሥራ ሰዓት?»

«ምሳ ወጥቼ ነው። እ… ኔት የላችሁም እንዴ? ተቋርጧል?»

ከስልኩ ውስጥ የሳህንና የሹካ ድምፅ፣ የሰው ሳቅ ይሰማ ነበር። እትዬ ሰዓቱን አዩ። ቀጥ ብለው ነው ያዩት፣ ሰው ዓይን ለዓይን እንደሚያየው።

«ቴሌቪዥኑ ይሠራል» አሉ ቀስ ብለው። «የአባትህም ኳስ ይሠራል። ስልኬም ኔት አለው። እንዳልሠራ ማን ነገረህ?»

ሳቁ ከስልኩ ውስጥ ራቀ፤ ልጁ ወደ ውጭ የወጣ መሰለ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ስለምጨነቅ ነው። ስጠይቅሽ ደህና ነን ትያለሽ። እውነቱን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? ጋዙን ከፍቶ የሄደ ቀን ነግረሽኛል? ፌርማታው ላይ በነጠላ ጫማ የተገኘ ቀን…»

«ፓስወርዱ ተቀይሯል» አሉ እትዬ።

«እሺ። አዲሱን በጽሑፍ ላኪልኝ።»

«በስልክ አልልክም። መጥተህ ውሰድ።»

ዘጉት። ከዚያ ሰዓቱን ከነገመዱ አንሥተው ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቁጭ አሉ። ተከራይዋ ልክ ነበርኩ የሚል ነገር በአንደበቷ ላይ ሊመጣ ሲል ፊታቸውን አይታ ተወችው። «ስምንት ወር» አሉ እትዬ። «የአባቱ ጉልበት ሲብስበት እዚህች ወንበር ላይ ነው ገላውን የማጥበው። እዚህ ነው የምቀይርለት።» ጋሼ ስማቸው የተጠራ መስሏቸው ቀና አሉ፤ ከዚያ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ቀን እጄን አንሥቼበታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳያስተኛኝ አድሮ፣ ጠዋት ቤቴ አይደለም ልሂድ ብሎ ሲታገለኝ፣ በጥፊ መታሁት። ከዚያ አብረን አለቀስን። ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም። ያንንም አይቷል ማለት ነው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አይቶ ነው ዝም ያለኝ? ቢሰድበኝ አይሻልም ነበር?» ከሽርጣቸው ላይ የሌለ ፍርፋሪ እያራገፉ፣ «የወሩን መጨረሻ ነገር ተዪው» አሏት። ይቅርታው ይሄ ነው። ተከራይዋ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሣች። ክፍሏ ገብታ መብራቱን፣ የመብራቱን ሶኬት፣ ከአልጋዋ በላይ ያለውን ቀዳዳ በስልኳ ባትሪ አንድ በአንድ አየች። ምንም የለም። ግን ልብስ ከመቀየሯ በፊት መጋረጃውን ዘጋች፤ መጋረጃውን ከዘጋችውም በኋላ ቆማ አሰበች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያጠበችውን ልብስ ልታነሣ ግቢ ወጣች። ፀሐይዋ ግንቡ ጫፍ ላይ ናት። የውጩ በር ተንኳኳ። በወጥ ቤቱ መስኮት እትዬ ይታያሉ፤ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፣ ቢላዋው ቆመ። የመጣው ማን እንደሆነ አውቀዋል፤ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ተከራይዋም እጇ ላይ አንሶላ እንዳቀፈች ቀረች። ይሄን በር መክፈት የእሷ ሥራ አይደለም።

ጋሼ ናቸው ተነሥተው የወጡት። በነጠላ ጫማቸው ግቢውን ቀስ ብለው አቋርጠው መቀርቀሪያውን ሳቡት። ልጃቸው ክራቫቱን እንዳላላ፣ በአንድ እጁ የፍራፍሬ ከረጢት ይዞ ቆሟል። በስምንት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳያቸው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲበሉ፣ ሲያንቀላፉ፣ ሲታጠቡ። አሁን ግን ፊት ለፊት ሲያያቸው ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ጋሼ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ የጨዋ ሰው አለባበስ ነው፤ ፈገግ አሉ።

«ማን ልበል?»

«አባዬ… እኔ ነኝ» አለ ሰውየው። «ልጅህ ነኝ።»

ጋሼ ይህን ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ የተሳሳተ መንገደኛ እንደሚያጽናኑ ሁሉ በትሕትና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት።

«ልጄን ፈልገው ነው? ልጄማ ሥራ ይበዛበታል፤ ብዙም አይመጣ» አሉት። «ካልቸኮሉ ግን ይግቡና ይጠብቁት።»